አንድ ቦረቦር፣ አንድ ክረምት፦ የፊዚካል ጂኦግራፊ ጥናት ከጎንደር ዳገት ላይ ሲጀመር

የጂኦግራፊ ተማሪ ሳለሁ የመጀመሪያ የጥናት ርዕሴ «የአፈር መሸርሸር በሰሜን ጎንደር» የሚል ነበር። አማካሪዬ ወረቀቱን አየት አደረገና «ስንት ዓመት ልትኖር አስበሃል?» አለኝ። አኮረፍኩ። ሳምንት ቆይቼ «አንድ ቦረቦር፣ አንድ ክረምት» የሚል ይዤ ተመለስኩ። ቦረቦር ማለት ጎርፍ መሬቱን እየቆረጠ ያወጣው ቦይ ነው። ሳቀና ፈረመልኝ።

ይህ ጽሑፍ ያን መንገድ ለሚጀምር ሰው ነው። የካምፓስ ተማሪ ሊሆን ይችላል፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ ወይም እንዲሁ ጓሮው እየተቦረቦረ ያስጨነቀው ሰው። ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ፣ ጥሩ ጫማና ትዕግሥት ነው።

ጎንደር ለዚህ ሥራ የታደለች ናት። ከተማዋ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በአንድ ጎኗ አንገረብ፣ በሌላው ቀሃ ይወርዳሉ። ሁለቱም ወንዞች የመገጭን ወንዝ ተቀላቅለው ጣና ሐይቅ ይገባሉ። የፋሲልን መዋኛ ለጥምቀት የሚሞላው ቀሃ ነው፤ ከተማዋ ለዓመታት የጠጣችው ደግሞ የአንገረብን ግድብ ውሃ ነው። ግድቡን የሚያስቸግረው ደለል ከሰማይ አልወረደም። ከላይ ካለው ተዳፋት፣ ከአንድ ከአንዱ ቦረቦር ታጥቦ ነው የመጣው። እንግዲህ እዚያ ተዳፋት ላይ እንውጣ።

1. ጥያቄውን አሳንሱት

ጥሩ የጥናት ጥያቄ በቁጥር ይመለሳል። በእግር የሚደረስበት ቦታ አለው። መጀመሪያና መጨረሻ ቀን አለው። «የአፈር መሸርሸር ለምን ይከሰታል?» የሚለው ሦስቱንም የለውም። «ይህ ቦረቦር በዘንድሮ ክረምት ስንት ሜትር ኩብ አፈር ያጣል? ራሱስ ወደ ማሳው ስንት ሜትር ይገፋል?» የሚለው ግን ሦስቱንም አለው።

ቦረቦር ካልማረካችሁ ሌላም ሞልቷል። ዋልካ አፈር ውሃ የሚመጥበት ፍጥነት ከቀዩ አፈር በምን ያህል ይለያል? ቀሃ ከዝናብ በኋላ በስንት ሰዓት ወደ ቦታው ይመለሳል? በሰሜን በኩል ያለው ተዳፋትና በደቡብ በኩል ያለው ሣራቸው ለምን ይለያያል? አንዱን ብቻ ምረጡ። ሁለት መረጣችሁ ማለት አንዱን አትጨርሱም ማለት ነው። እኔ እዚህ በቦረቦሩ እቀጥላለሁ።

2. ካርታ ሳታዩ አትውጡ

የአገራችን መደበኛ የገጽታ ካርታ መስፈርቱ 1:50,000 ነው። ካርታው ላይ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነው መሬት ላይ 500 ሜትር ነው። ቡናማዎቹ መስመሮች ከፍታ ያሳያሉ፤ ብዙውን ጊዜ በአንዱና በሚቀጥለው መካከል 20 ሜትር አለ። መስመሮቹ ሲጠጋጉ ገደል ነው፣ ሲራራቁ ሜዳ። ወንዝ በሚያልፍበት መስመሩ ይሾላል፤ ጫፉም ወደ ወንዙ መነሻ ያመለክታል። ይህችን ብቻ ካወቃችሁ ግማሹን ካርታ አነበባችሁ።

ቀጥሎ የተፋሰሱን ድንበር አስምሩ። ከቦረቦራችሁ መውጫ ተነሡ። በጣት ወደ ላይ፣ ወደ ጉብታው ተከተሉ። በእያንዳንዱ ቦታ ላይ «እዚህ የወደቀች ጠብታ ወዴት ትወርዳለች?» ብላችሁ ጠይቁ። ወደ ቦረቦሬ የምትል ከሆነ ከድንበሩ ውስጥ ናት። ጎንደር ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። ከከተማዋ ሰሜን ያለውን ጉብታ ተሻግሮ የሚወድቀው ዝናብ ጣናን አያያትም፤ ወደ አትባራ ወንዝ ነው የሚሄደው። ደግሞ የሚያሳስት ነገር አለ። ወደ አትባራ የሚፈሰው ትልቁ ወንዝም ስሙ አንገረብ ነው። ከኢንተርኔት «የአንገረብ ተፋሰስ» የሚል ፋይል አውርዳችሁ ሌላ አገር እንዳትለኩ።

ሁለተኛ ወጥመድ ደግሞ አለ። የቆዩት ካርታዎቻችን የቦታ ቁጥር የሚቆጠረው «አዲንዳን» ከሚባለው መነሻ ነው። ስልካችሁና ጂፒኤሱ የሚሠሩት በሌላ መነሻ፣ በደብልዩ ጂ ኤስ 84 ነው። አንዱን ቁጥር በሌላው ላይ እንዳለ ከተከላችሁት ቦታው 200 ሜትር ያህል ይዘላል። ቦረቦሩ ጎረቤት ማሳ ላይ ይወጣል ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥር ስትጽፉ የየትኛው እንደሆነ አጠገቡ ጻፉ። ዓለምን በዞን ከፍሎ ቦታን በሜትር በሚቆጥረው በዩ ቲ ኤም፣ ጎንደር ዞን 37 ሰሜን ውስጥ ናት።

የሳተላይት ምስልም አትርሱ። ጉግል ኧርዝ የድሮ ምስሎችን በየዓመቱ እየገለበጠ ያሳያል፤ ነፃ ነው። ቦረቦሩ ከአሥር ዓመት በፊት የት ነበር? እዚያ ታዩታላችሁ። የክረምት ምስል ደመና ስለሚጋርደው የጥርና የየካቲቱን ፈልጉ። ኮምፒዩተር ላይ ትንሽ መድፈር ለሚሻ ኪው ጂ አይ ኤስ የሚባል ነፃ የካርታ ፕሮግራም አለ። ከሴንቲኔል 2 ሳተላይት የሚገኘው ምስል አንዷ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት። ለተፋሰሱ ይበቃል፣ 4 ሜትር ለሚሰፋ ቦረቦር ግን አይበቃም። ለእሱ እግር ነው።

3. ባለቤቱን ጠይቁ

ይህን ብዙ መመሪያ ይዘለዋል። እኔም ዘልዬው ነበር፣ ዋጋዬንም አገኘሁ።

ሜትር ዘርግተን ስንለካ አንድ አዛውንት ዱላቸውን ይዘው መጡ። «ምን ልታደርጉት ነው መሬቴን የምትለኩ?» አሉን። ፊታቸው ተቀይሯል። እውነትም ናቸው፤ ገጠር ላይ ሜትር የያዘ የከተማ ሰው ሲመጣ ወይ ግብር ነው፣ ወይ መንገድ ነው፣ ወይ መሬት ሊወሰድ ነው። ጓደኛዬ ፈጠን ብሎ «አባቴ፣ መሬቱን አይደለም፣ ጉድጓዱን ነው የምንለካው» አላቸው። ትንሽ ዝም ብለው «ጉድጓዱንማ ውሰዱልኝ» አሉ። ከዚያ በኋላ ጠላ ቀርቦልን፣ ቦረቦሩ በየትኛው ዓመት እንደጀመረ፣ መጀመሪያ የከብት መንገድ እንደነበረ ሁሉ ነገሩን። ከካርታ የማይገኝ መረጃ ነው።

ሥርዓቱ ቀላል ነው። ከትምህርት ቤታችሁ ወይም ከመሥሪያ ቤታችሁ ደብዳቤ ያዙ። ቀበሌ ሂዱ። የግብርና ባለሙያውን አግኙ። ከዚያ ባለማሳውን ራሱን ቤቱ ድረስ ሂዳችሁ ጠይቁ። ውሃ የምትቀዱበት ምንጭ ጠበል ከሆነ ካህኑን ሳታስፈቅዱ አትቅዱ፤ አይሆንም ካሉም አይሆንም ነው። የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ አፈር መቆፈርም እንደዚያው።

4. ዕቃ

የግንበኛ ሜትር፣ 30 ሜትር የማይለጠጥ ሲባጎ፣ ውሃ ልክ፣ ቱንቢ፣ አራት አምስት ባዶ ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ አይሁን፤ ዝናብ ሲነካው ሁሉም ቁጥር ሰማያዊ ኩሬ ይሆናል።

የተዳፋት መለኪያ ራሳችሁ ሥሩ። ከሒሳብ ሳጥን ውስጥ ያለውን ፕሮትራክተር አውጡ። በመሀል ቀዳዳው ክር እሰሩና ጫፉ ላይ ዳዶ አንጠልጥሉ። በቀጥታው ጎን የቢክ ቀፎ በፕላስተር ለጥፉ። በቀፎው ውስጥ አሻግራችሁ የጓደኛችሁን ዓይን ተመልከቱ፤ ቁመታችሁ ከተለያየ በዱላ ላይ የእናንተን ዓይን ቁመት ምልክት አድርጋችሁ አስይዙት። ክሩ ሜዳ ላይ 90 ያሳያል። 80 ካሳየ ተዳፋቱ 10 ዲግሪ ነው። በመቶኛ ሲሆን 18 ገደማ። 45 ዲግሪ ደግሞ 100 በመቶ ነው፤ ብዙ ሰው 90 ዲግሪ ይመስለዋል።

በስልክ ከፍታ ለመለካት አትሞክሩ። ስልክ ግራ ቀኙን በጥቂት ሜትር ስህተት ያውቃል፤ ላይ ታቹን ግን በደንብ ይስታል። የሁለት ሜትር ጥልቀት በእሱ አይለካም።

5. ችካል መትከልና ቦረቦሩን መክተፍ

ዋናው ሥራ ይኸ ነው። ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይጠና ይሠራል።

ከቦረቦሩ ራስ ጀምሩ። ራሱ ማለት ውሃው ከማሳው ዘሎ የሚወርድበት ጠርዝ ነው። ከጠርዙ 5 ሜትር ወደ ማሳው ገባ ብላችሁ ችካል ትከሉ። ከችካሉ እስከ ጠርዙ በሜትር ለኩና ጻፉ። ጥቅምት ላይ ያው ርቀት ቢያንስ፣ ያነሰው ያህል ቦረቦሩ ማሳውን በልቷል።

ስለ ችካል አንድ ምክር። መጀመሪያ የእንጨት ችካል ሰማያዊ ጨርቅ አስሬ ተከልኩ። በሳምንቱ እረኞች ነቅለው ጨርቁን ለጅራፍ፣ እንጨቱን ለእሳት አደረጉት። ቀጥዬ ፌሮ ተከልኩ። ፌሮው ሦስት ሳምንት ቆይቶ ለቁራሌው ተሸጠ። በሦስተኛው ብልሃት መጣ። አጭር ፌሮ እስከ አናቱ መሬት ውስጥ ቀበርኩ፤ ምንም አይታይም። ከዚያ ከማይነቃነቁ ሁለት ነገሮች፣ ከአንድ ትልቅ ቋጥኝና ከአንድ የወይራ ግንድ፣ ያለውን ርቀት በሜትር ለክቼ ጻፍኩ። ጥቅምት ላይ ሁለቱን ሲባጎ ከሁለቱ ቦታ ዘርግታችሁ የሚገናኙበትን ትቆፍራላችሁ። ፌሮው እዚያ አለ። እረኞቹን ግን ጓደኛ ማድረግ ከሁሉም ይሻላል።

አሁን ክተፉት። በየ10 ሜትሩ ቦረቦሩን አቋርጣችሁ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሲባጎ ወጥሩ። ውሃ ልኩን አንጠልጥሉና ቀጥ ማለቱን አረጋግጡ። ከዚያ በየ50 ሴንቲ ሜትሩ ቱንቢ ጣሉና ጥልቀቱን ለኩ። ለምሳሌ 4 ሜትር በሚሰፋ ቦታ ላይ እንዲህ አገኛችሁ እንበል፦ 0፣ 0.6፣ 1.1፣ 1.5፣ 1.6፣ 1.4፣ 1.0፣ 0.5፣ 0። ድምሩ 7.7 ነው። በ0.5 ሲባዛ 3.85 ሜትር ካሬ። ያ የዚያ ቦታ የቁራጩ ስፋት ነው፤ ቦረቦሩን እንደ ዳቦ ቆርጣችሁ ብታዩት የሚታየው ፊት ማለት ነው።

በየ10 ሜትሩ አራት ቦታ ለክታችሁ 3.85፣ 4.65፣ 5.15 እና 3.25 ብታገኙ፣ የሁለት ጎረቤታሞችን አማካይ በ10 አባዙ። 42.5፣ 49 እና 42 ይመጣል። ሲደመር 133.5 ሜትር ኩብ። ጥቅምት ላይ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ዘዴ ደግማችሁ 151.5 አገኛችሁ እንበል። 18 ሜትር ኩብ አፈር ሄዷል። አንድ ሲኖትራክ ሞልቶ ይተርፋል። ይህን ለሰው ስትነግሩ «18 ሜትር ኩብ» ከምትሉት ይልቅ ሲኖትራኩ ይገባዋል።

ግን ተጠንቀቁ። ሲባጎ መሀሉ ላይ ይረግባል። በአማካይ 2 ሳንቲም ብቻ ቢረግብ፣ በ4 ሜትር ስፋትና በ30 ሜትር ርዝመት ላይ 2.4 ሜትር ኩብ ስህተት ይሆናል። ከ18 ላይ 2.4 ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሲባጎውን ጠበቅ አድርጉ፤ እያንዳንዱን ቦታም ሁለት ሰው ለየብቻ ይለካው። ሁለቱ ከተለያዩ ልዩነቱን አትደብቁት። እሱም ውጤት ነው።

6. ዝናቡን በሃይላንድ

ቦረቦሩ የተቆረጠው በዝናብ ነውና ዝናቡም ይለካ። የሃይላንዱን አናት ቁረጡና ገልብጣችሁ እንደ ማንቆርቆሪያ አፉ ላይ ክተቱት። የታችኛው ክፍል ጎርበጥባጣ ስለሆነ ጠጠር ጨምሩበት፤ ከዚያ ቀጥ ያለው ክፍል እስኪጀምር ውሃ ሙሉ። እዚያ ላይ መስመር አስምሩ፣ ዜሮ እሱ ነው። ከዜሮው ወደ ላይ ማስመሪያ ለጥፉ። የላይኛው አፍና የታችኛው ሆድ እኩል ስፋት እስካላቸው ድረስ በማስመሪያው ላይ ያለው ሚሊ ሜትር የዝናቡ ሚሊ ሜትር ነው።

ከዛፍና ከቤት አርቁት። ርቀቱ ቢያንስ የዛፉን ቁመት እጥፍ ይሁን። መሬት ላይ አይቀመጥ፤ ጭቃ እየተፈናጠረ ይገባበታል። ሁልጊዜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ አንብቡ፣ ወደ ዜሮው መልሱት። ዝናብ ያልዘነበበትን ቀን 0 ብላችሁ ጻፉ። ባዶ መተው «አልዘነበም» ይሁን «ረሳሁ» አይለይም።

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ሜትር ካሬ ላይ አንድ ሊትር ነው። 40 ሜትር ካሬ የቆርቆሮ ጣራ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ከጣለ 1,000 ሊትር፣ ማለትም 50 ጀሪካን ወርዷል። እዚህ ጎንደር አብዛኛው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው የሚመጣው። መጠኑ ብቻ ግን አይበቃም። 20 ሚሊ ሜትር ቀኑን ሙሉ ካካፋ ለሰብል ነው፤ በግማሽ ሰዓት ከወረደ ለቦረቦር ነው። ስለዚህ የጀመረበትንና ያባራበትን ሰዓትም መዝግቡ።

ለብዙ ዓመት መረጃ ወደ ሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ትሄዳላችሁ። መረጃውን ስትቀበሉ መጀመሪያ የጎደሉትን ቀናት ቁጠሩ። የጎደለን ቀን ዜሮ አድርጎ መደመር የተለመደ ኃጢአት ነው።

7. ውሃውና ደለሉ

ፍሰት ማለት የውሃው ቁራጭ ስፋት (ከዳር እስከ ዳር ያለው ሲባዛ በአማካይ ጥልቀቱ) በፍጥነቱ ሲባዛ ነው። ቀጥ ያለ 10 ሜትር ምረጡ። ስፋቱንና በየ50 ሳንቲሙ ጥልቀቱን ለኩ። ከዚያ ብርቱካን ጣሉ። ብርቱካን የምለው ከውሃው በላይ ጥቂቷ ብቻ ስለምትታይ ንፋስ አይገፋትም፤ ቅጠልን ግን ይነዳዋል። 10 ሜትሩን በ20 ሴኮንድ ከጨረሰች ፍጥነቷ በሴኮንድ 0.5 ሜትር ነው። የላዩ ውሃ ከታቹ ስለሚፈጥን በ0.85 አባዙት። ስፋቱ 3 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 0.2 ሜትር ከሆነ፦ 0.6 ሲባዛ በ0.5 ሲባዛ በ0.85። በሴኮንድ 255 ሊትር። ቢያንስ አምስት ጊዜ ጣሏት። ተመልካች ልጆች ብርቱካኗን ከበሏት ይቅር በሏቸው፤ ሁለት ይዛችሁ ሂዱ።

ደለሉን ለማወቅ ከደፈረሰው ውሃ አንድ ሊትር በሃይላንድ ቅዱ። አጣርቶ የሚያስቀር ወረቀት መጀመሪያ ደረቁን መዝኑ። አጣሩ፣ አድርቁ፣ እንደገና መዝኑ። የቤት ሚዛን ለዚህ አይሆንም። እኔ ወርቅ ቤት ሄጄ ነው ያስመዘንኩት። ባለሱቁ «ይኸ ምንድን ነው?» አለኝ። «አፈር» አልኩት። የወርቁን ሚዛን በጨርቅ ሦስት ጊዜ ጠረገው። ግን መዘነልኝ።

ልዩነቱ 8 ግራም ከሆነና ፍሰቱ 255 ሊትር ከሆነ በሴኮንድ 2 ኪሎ አፈር እያለፈ ነው። በሰዓት ከ7 ቶን ይበልጣል። ደግሞ አንድ ናሙና አይበቃም። ጎርፉ ሲነሳ፣ ሲሞላና ሲጎድል ያለው ደለል እኩል አይደለም።

ደራሽ ውሃ ቀልድ አያውቅም። እናንተ ያላችሁበት ፀሐይ ሆኖ ከጎንደር በላይ ባለው ከፍታ፣ ኮሶዬ በኩል ሊጥል ይችላል። ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት ይዞ መምጣት ከጀመረ፣ ሜትራችሁን ትታችሁ ውጡ። ጎርፍ ላይ ናሙና የሚቀዳው ከዳር ሆኖ፣ ሃይላንዱን በረጅም ዱላ አስሮ ነው። ዝግ ባለ ውሃ ውስጥም ያለ ቦት ጫማ አትቁሙ፤ በጣና ዙሪያ ቢልሃርዚያ አለ።

8. አፈሩን በእጅ

እፍኝ አፈር አርጥቡና እንደ ሊጥ እሹ። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እየገፋችሁ ጥብጣብ አውጡ። ከ5 ሳንቲም በላይ ሳይቆረጥ ከወጣ ሸክላው ብዙ ነው። ከ2.5 በታች ከተቆረጠ ጥቂት ነው። እጃችሁን ካሻከረው አሸዋ አለበት።

ለቁጥር ደግሞ ብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ አንድ ሦስተኛ አፈር፣ ቀሪውን ውሃና ትንሽ ኦሞ ጨምሩ። አሥር ደቂቃ በጥብቅ ናጡትና አስቀምጡት። በአንድ ደቂቃ ገደማ አሸዋው ይወርዳል። በሁለት ሰዓት ደቃቁ። ሸክላው አንድ ሁለት ቀን ይፈጅበታል። የሦስቱን ንብርብር ቁመት በማስመሪያ ለክታችሁ ወደ መቶኛ ለውጡ።

ውሃ የመምጠጥ ፍጥነትን ለማየት የዘይት ቆርቆሮ ሁለቱንም ጫፍ ቁረጡና 5 ሳንቲም መሬት ውስጥ ምቱት። ውሃ ሙሉና በየ5 ደቂቃው ስንት እንደወረደ መዝግቡ፤ መውረዱ እኩል እስኪሆን ቀጥሉ። ዋልካ ላይ ጉድ ታያላችሁ። ግንቦት ላይ መሬቱ ተሰነጣጥቋል፤ ውሃው ስንጥቁ ውስጥ ጠፍቶ ይቀራል። ሐምሌ ላይ በዚያው ቦታ ብትሞክሩት አብጦ ስንጥቁ ተደፍኗል፤ ውሃው ላዩ ላይ ተኝቶ ያያችኋል። ሁለቱም ልክ ነው። ቀኑን ያልጻፈ ሰው ግን አንዱን ስህተት ነው ብሎ ይጥለዋል።

9. የት ልለካ? መቼ ልለካ?

የናሙና ነገር ላይ ብዙ ጀማሪ ይወድቃል። ከአንድ በላይ ቦረቦር ማጥናት ካማራችሁ፣ ከአስፋልቱ አጠገብ ያሉትን ብቻ አትምረጡ። ለመድረስ ይቀላሉ፣ አውቃለሁ። ግን የመንገድ ዳር ቦረቦር ብዙውን ጊዜ የመንገዱ ቱቦ የቆፈረው ነው። ስለ መንገድ ቱቦ አጥንታችሁ ስለ ተራራው ልትጽፉ ነው። ይልቅ ሁሉንም ከሳተላይት ምስል ላይ ቆጥራችሁ ቁጥር ስጧቸውና ዕጣ አውጡ። ገደላማው፣ መካከለኛውና ለጥ ያለው ተዳፋት እንዲወከሉ ከፈለጋችሁ ከሦስቱ ለየብቻ ዕጣ አውጡ።

ጊዜም እንደዚሁ ያታልላል። አንድ የማውቃቸው የተማሪዎች ቡድን ቴርሞሜትር ይዘው ጠዋት 2 ሰዓት ታች አዘዞ ላይ ለኩ። በሚኒባስ ወጥተው 6 ሰዓት ላይ ኮሶዬ ለኩ። ኮሶዬ ሞቃለች ብለው መጡ! ሙቀት ወደ ላይ ሲወጡ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። እነሱ የለኩት ግን ከፍታን ሳይሆን ጠዋትና ቀትርን ነው። መፍትሔው ሁለት ሰው፣ ሁለት ቴርሞሜትር፣ አንድ ሰዓት ነው። ከመለያየታቸው በፊት ሁለቱን ቴርሞሜትሮች አንድ ባልዲ ውሃ ውስጥ ከትቶ ማወዳደርም ግድ ነው።

በነገራችን ላይ የጥንት ተጓዦች ከፍታን የሚያውቁት ውሃ በማፍላት ነበር። በየ300 ሜትሩ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ጎንደር ላይ 93 ገደማ ላይ ይፈላል። ደባርቅ ላይ ባቄላ አልበስል ያላችሁ ምክንያቱ ይኸ ነው፤ ባለቤቲቱን አትቆጡ።

10. ደብተሩ

እያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የለኪው ስም፣ የአየሩ ሁኔታ። እዚያው ቆማችሁ ጻፉ። «ቤት ስገባ እጽፈዋለሁ» ያልኩት ቁጥር እስካሁን አልተገኘም። የተሳሳተውን በላጲስ አታጥፉ፤ አንድ መስመር ሰርዙበትና አጠገቡ ጻፉ። ሲመሽ ገጹን በስልክ ፎቶ አንሱ።

የእኛ አገር ልዩ ጣጣ ደግሞ አለ። ደብተራችሁ «3 ሰዓት» ይላል፤ ስልኩ «9፡00» ይላል። ደብተራችሁ «ሐምሌ» ይላል፤ የሚቲዎሮሎጂው ሠንጠረዥ «ጁላይ» ይላል። ሐምሌ 1 ጁላይ 8 ላይ ነው የሚውለው። የሐምሌን ዝናብ ከጁላይ ጋር ፊት ለፊት ካነጻጸራችሁ የሳምንት ዝናብ ቦታውን ስቷል። በዚያ ሳምንት ሁለት ትልቅ ዝናብ ጥሎ ከሆነ መደምደሚያችሁ ሁሉ ይጣመማል። አንዱን አቆጣጠር መርጣችሁ እስከ መጨረሻ ያዙ። ፎቶው ላይ ያለውን ሰዓት ደግሞ ከደብተሩ ጋር አስተያዩት።

11. ስሌትና ጽሑፍ

መጀመሪያ ሥዕል፣ ከዚያ ሒሳብ። የግንቦቱን ቅርጽ በሰማያዊ፣ የጥቅምቱን በቀይ፣ አንድ ግራፍ ወረቀት ላይ ሣሉ። አፈሩ ከግርግዳው ነው የሄደው ወይስ ከወለሉ? ያ ሥዕል ከአሥር ገጽ ሐተታ ይበልጣል።

ሜትር ኩብን ወደ ቶን ለመቀየር የአፈሩ ክብደት ያስፈልጋል። የወተት ጣሳ ስፋቱንና ቁመቱን ለኩና ግርግዳው ውስጥ አስገቡት። ሳይፈርስ አውጥታችሁ አድርቁ፣ መዝኑ። ላብራቶሪ ካገኛችሁ በ105 ዲግሪ 24 ሰዓት ነው፤ ካላገኛችሁ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ፀሐይ ላይ። አንድ ሜትር ኩብ 1.2 ቶን ቢመዝን፣ 18ቱ ሜትር ኩብ 21.6 ቶን ይሆናል።

ዘገባው አጭር ይሁን። ጥያቄው ምን ነበር፣ የት፣ መቼ፣ በምን ለካችሁ፣ ምን ተገኘ፣ ስህተቱ እስከ ስንት ይደርሳል። «በዚህ ቦረቦር፣ በዘንድሮ ክረምት» ብላችሁ ጻፉ። አንድ ቦረቦር ለክታችሁ «በሰሜን ጎንደር» ብላችሁ ከጻፋችሁ አማካሪዬ ይጠብቃችኋል። አንድ ነገር ከሌላው ጋር አብሮ ስለጨመረ ምክንያቱ እሱ ነው ማለትም አይደለም። ዝናቡ በበዛበት ሳምንት ቦረቦሩ ከሰፋ፣ በዚያው ሳምንት ከብቶቹ በዚያ መውረድ ጀምረው እንደሆነ እረኞቹን ጠይቁ።

የመጨረሻውን ኮፒ ለባለማሳው ውሰዱለት። እኔ ሰማያዊና ቀዩን ሥዕል ይዤ ለአዛውንቱ አሳየኋቸው። ማንበብ አይችሉም። ሥዕሉን ግን ገልብጠው አላዩትም፤ ወዲያው ገባቸው። ቀዩ መስመር ከሰማያዊው በጣም የራቀበትን ቦታ በጣታቸው ነኩና «ይችጋ ክትር ባደርግበትስ?» አሉኝ። ፌሮው እንደተቀበረ ነው። ክትሩ ተሠርቷል። ግንቦት ላይ እንደገና ሲባጎ ይዘን እንወርዳለን።